ሁለተኛዋ ቀዳዳ

የጆሮ ማዳመጫ መጀመሪያ የሥራ ዕቃ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1910 ከናታኒኤል ባልድዊን የገዛው የሬዲዮ መልእክት ለመቀበል እንጂ ሙዚቃ ለመስማት አልነበረም። ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ ለሙዚቃ የሚሆን ስቴሪዮ ማዳመጫ ያስተዋወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ አበጀለት። የኩባንያው ሊቀ መንበር አኪዮ ሞሪታ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ለብቻ መስማት ነውር እንዳይመስል ሰግቶ ነበር። ገዢው ግን የየራሱን መያዝ መረጠ። ከጊዜ በኋላ የወጡት ዎክማኖች ሁለተኛዋን ቀዳዳ ተዉአት።

እኔ ቤት ያለችው መዳፍ የምታህል ርካሽ የማዳመጫ ማጉያም ባለ አንድ ቀዳዳ ናት። አስማት የላትም። ባለ 300 ኦሙን ማዳመጫዬን ስልኬ በደንብ ስለማይገፋው ቮልቴጅ ትጨምርለታለች፤ ለባለ 32 ኦሙ ስልኩ ራሱ ይበቃዋል።

ልጆች ከተኙ በኋላ በልጅነቴ በካሴት የሰማኋቸውን ዘፈኖች እከፍታለሁ። ያን ጊዜ በቴፑ ጩኸት የተዋጠው ባስ ጊታር አሁን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ደስታው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያንን ካሴት ቤተሰቡ ሁሉ፣ ጎረቤትም ሳይቀር፣ ወደደም ጠላም ሰምቶታል፤ ዘፈኑ ሲነሳ የምናወራው አናጣም። የዛሬ ማታውን ግን ባለቤቴ እንኳ አታውቀውም። ሞሪታን ያሳሰበው ነውሩ ነበር፤ እኔን የሚያሳስበኝ ለልጆቼ የሚቀረው ትዝታ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጉያዋ ታርፋለች፤ ዘፈኑ ለቤቱ ሁሉ ይከፈታል።