ድኩላው አልቆ ጠመንጃው ቀረ

ምሥራቅ ጎጃምና ጠመንጃ አንድ ላይ ሲነሡ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ጦርነት ይሄዳል። በላይ ዘለቀ ይነሣል፤ የ1960 ዓ.ም. የገበሬ አመፅ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያው የዛሬው ይከተላል። ሐሰት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። ከአምበር እስከ ብቸና፣ ከብቸና እስከ ሞጣ በገበሬው ትከሻ ላይ የዋለው ጠመንጃ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ሰው ላይ ሲተኮስ አይደለም። አዝመራ ሲጠበቅበት፣ ሠርግና ለቅሶ ሲታጀብበት፣ ቆላ ተወርዶ ድኩላና ሚዳቋ ሲታደንበት ነው። ዛሬ የአደኑን ወገን ላንሣ። ስለ ጠመንጃ የምናደርገው ክርክር ሁሉ ይህን ረስቶ ስለሚጀምር ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ ይቀራሉ፦ ያ ሁሉ ገበሬ አልሞ መተኮስን የት ተማረ? የሚታደነው ሲያልቅስ ጠመንጃው ምን ሥራ ቀረው?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ፈረንጅ ስለ አጋዘን አደን ሲያወራ የሚያስበው ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነውን፣ በየዓመቱም ቀንዱን እየጣለ ሌላ የሚያበቅለውን እንስሳ ነው። እሱ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የለም። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘውን፣ የድኩላን ትልቅ ወንድም ነው። የባሌና የአርሲው የደጋ አጋዘን ደግሞ ለሳይንስ ዓለም የታወቀው አይቮር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ካደነው በኋላ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም እስከ ዛሬ በዚሁ ሰው ይጠራል። የባሌ ሰው እንስሳውን ከነአባቱ ሲያውቀው ኖሮ ስሙ ግን ለተኳሹ ሄደ። ይሁን።

ጎጃም ውስጥ ነገሩ የትንንሾቹ ነው፤ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ በገደሉ ላይ ሰስ። ደጋው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስ የኖረ መሬት ስለሆነ የዱር እንስሳ የቀረው በዳር በዳሩ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ አፋፍና ተዳፋት፣ በወንዝ ዳር ጥሻ፣ ከጮቄ ወገብ በላይ ባለው ቁጥቋጦ። አዳኙ ወደ እነዚህ ዳርቻዎች መውረድ ወይም መውጣት ነበረበት። ስንቁ በሶና ቆሎ፣ ውኃው በቅል ነው። ከጠመንጃው ሌላ የሚይዘው ዝናር፣ ቢላዋ፣ ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ። ጫማ አልነበረም፤ ለዚህ ሥራ ግን ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል። ደረቅ እንጨት ሳይሰበር በፊት በጣት ይታወቃል።

ድኩላ ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ንጋት ወገግ ሲልና ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሚወጣ እንስሳ ነው። ከደነገጠ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ የዚያ ሸለቆ አደን ለዚያ ቀን አበቃ። ሚዳቋ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። ሰው ሊረግጣት እስኪደርስ ሣር ውስጥ ተለጥፋ ትቆይና ድንገት ተፈትልካ እየተጠማዘዘች ትሮጣለች። ሰስ ዓለት ጫፍ ላይ በኮቴው አናት ቆሞ ሸለቆውን ሁሉ ያያል። ስለዚህ አዳኝ የሚባለው ሰው ሥራው ከመተኮስ ይልቅ ማድባት ነው። ዳና መለየት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በአፈር ብናኝ ማየት፣ ጠረኑን ሳያስነሣ ከታች ወደ ላይ መሳብ፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ። ከተኮሰም በኋላ ክርስቲያን አዳኝ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ማረድ አለበት፤ አለዚያ ሥጋው አይበላም። ይህ ራሱ ከሩቅ ተኩሶ መተውን ያስቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአደን ሕግ አዋጅ ሳይወጣ በፊት ይህ አገር ሳያስበው የአደን ክልከላ ወቅት ነበረው፤ ጾም። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ አይበላም። ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ አለ። ማንም ድኩላ ይራባ ብሎ አልጾመም፤ ግን ከዓመቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቀን ለሥጋ የሚተኩስ ሰው ምክንያት አልነበረውም። ስለ ጥበቃ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አንሥተው ሲያወሩ አልሰማሁም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ለገበሬው በብዛት የደረሰው ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ፣ ከአራት ኪሎ በላይ ክብደት ያለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ስትታጠቅ አሮጌው ክምችት ገዢ ፈለገ፤ ገዢውም በቀይ ባሕርና በጅቡቲ በኩል ተገኘ። በዚሁ ንግድ ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር ወደ 2,000 የሚጠጋ ያረጀ ጠመንጃ ይዞ በ1887 ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ምኒልክ በዋጋው ላይ አስለቀሱት። ጎጃምም በዚህ እሽቅድምድም ውስጥ ነበረ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ከተሸነፉ በኋላ የነፍጥን ነገር ችላ የሚል መኳንንት አልነበረም። ከዓድዋ በኋላ ደግሞ መሣሪያው ከጌቶች ግምጃ ቤት እየወጣ ወደ ተራው ሰው ወረደ። ወጨፎ፣ ስናድር፣ ምንሽር፣ ኋላም በ1920ዎቹ የተገዛው ቤልጅግ ተከታትለው መጡ፤ ውጅግራ ግን በገበሬው ቤት ብዙ ዘመን ቆየ።

ለአደን ግን ውጅግራ ክፉ መሣሪያ ነው። ጥቁር ባሩዱ ሲተኮስ ነጭ ጭስ ፊትህን ይሸፍነዋል፤ መታሁ ሳትኩ ብለህ ለማየት ጭሱ እስኪገለጥ ትጠብቃለህ። ሁለተኛ ጥይት ለመጫን ቀለሃውን አውጥተህ ሌላ በእጅህ ማጉረስ አለብህ፤ ድኩላ ይህን ያህል አይጠብቅም። ከባዱ የእርሳስ ጥይት ደግሞ ሚዳቋን የመሰለ ትንሽ እንስሳ መጥፎ ቦታ ከመታ ግማሹን ሥጋ ያበላሸዋል። ማለትም ያለህ አንድ ዕድል ነው፤ እሱንም ቀርበህ፣ ቦታውን መርጠህ ነው የምትጠቀምበት።

ዋጋውም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበይ ነበር። አስቡት፤ ሚዳቋ ላይ ቃታ የሚስብ ሰው ገንዘቡን ነው የሚተኩሰው። ቢስት ሥጋም የለም፣ ጥይቱም የለም፤ ባዶ ቀለሃውን ለቅሞ፣ በአገር ባሩድ እንደገና ሞልቶ መሞከር ነው። ከዚህ የተነሣ በአንድ ጥይት አንድ ነገር የሚለው ልማድ ጉራ አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር።

አደንን ግን አላሳምረውም። ከድኩላው በላይ የሚከበረው ትልቁ ግዳይ ነበር፤ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ። የገደለ ሰው ጠጉሩን አጎፍሮ ቅቤ ይቀባል፤ ጆሮው ላይ ወርቅ ያንጠለጥላል፤ ግብር ላይ ቆሞ ይፎክራል። በዚያ ፉከራ ውስጥ አውሬና ሰው በአንድ መዝገብ ይቆጠሩ ነበር። የጎጃም መኳንንት ወደ መተከል ቆላ ሲወርዱ ጎሽና ዝሆን ብቻ አላደኑም፤ የጉሙዝን ሕዝብም ለባርነት ፈንግለዋል። ለዝሆን ጥርስ የወጣው ዘመቻና ለሰው የወጣው ዘመቻ ብዙ ጊዜ አንድ ነበር። ስለ አባቶቻችን ነፍጥ ስናወራ ይህን መዝለል አይገባም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ይዞ ጎጃምን ትጥቅ ላስፈታ ብሎ ሲነሣ የጠበቀው የተበተነ የጦር ሠራዊት ርዝራዥ ነበር። ያገኘው በ1930 ዓ.ም. ከዳር እስከ ዳር የተነሣ ገበሬ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የጦር ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ በለምጨን አድጎ ከወረራው በፊት ሸፍቶ በዓባይ በረሃ የኖረ ሰው ነው፤ በዚያ በረሃ የሚኖር ሰው ወይ ያደባል ወይ ይራባል። በእኔ አስተያየት የጎጃም አርበኛ ስልት ባሕርዩ የአዳኝ ስልት ነው። ነፋስና ፀሐይ መምረጥ፣ ማለፊያውን ማወቅ፣ ጥይት መቆጠብ፣ አንዴ ተኩሶ መሰወር። ምርኮ ጠመንጃና ጥይት እስኪበዛ ድረስ ሌላ መንገድም አልነበረም። በላይ ነጻነት ከመጣ በኋላ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መሞቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚያን ዝርዝር ለሌላ ጊዜ።

ይህ አደን የማን መብት ነበር የሚለው ነገር ለሚቀጥለው ታሪክ ቁልፍ ነው። እስቲ ከስኮትላንድ ጋር እናነጻጽረው። እዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት በ1852 ባልሞራልን ከገዙ ወዲህ በተለይ፣ የአጋዘን አደን የባለጠጎች ፋሽን ሆነ። ሰፊ ተራራማ መሬት ለአጋዘን ተከለለ። አጋዘኑ በሕግ የማንም አይደለም፤ የማደን መብቱ ግን የባለ መሬቱ ነው። ዳናውን የሚያገኘው፣ በመነጽር የሚያየው፣ ጌታውን በደረቱ እያሳበ የሚያደርሰው ቅጥረኛ ነው፤ የሚተኩሰው ጌታው። ጎጃም ውስጥ ግን የሚስበውም የሚተኩሰውም አንድ ሰው ነበር፤ ባለ ርስቱ ገበሬ። መሬቱ የአያቱ፣ ጠመንጃው የራሱ፣ ሸለቆው የሁሉም።

በ1960 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ውጭ አይገባም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ግብር ማለት ቃላድ መጣል፣ ቃላድ ማለት ርስት መሄድ መሰለው። ከዚያ ቀደም ብሎ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ጠመንጃ ክፍያ እየተከፈለበት እንዲመዘገብ ማድረጋቸው ቂም አስይዞ ነበር። ርስትና ጠመንጃ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነኩበት። ብቸናና ሞጣ ዋና የአመፅ ማዕከል ሆኑ፤ መንግሥት አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ ገዥው ተነሡ፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ የተወዘፈውን ግብር ማሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ግብሩን በዝርዝር ይተነትናሉ፤ ጠመንጃውን ግን እንደ ማጣፈጫ ጠቅሰው ያልፋሉ። ለገበሬው ግን ምዝገባው ማለት የራሴ ያለው ነገር ከነገ ጀምሮ በፈቃድ የሚያዝ ይሆናል ማለት ነበር።

ስለ አውሬውስ ሕጉ ምን አለ? የዱር እንስሳትን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 እ.ኤ.አ. በ1944 ታትሟል። በ1964 ዓ.ም. ደንብ ተከተለ። ኋላም አዋጅ ቁጥር 541/1999ና ደንብ ቁጥር 163/2000 መጡ። በእነዚህ ሕጎች አደን ፈቃድ፣ ክፍያና የተከለለ ቀበሌ ያለው ሥራ ሆነ፤ ዛሬ ሕጋዊ አዳኝ ሲባል በአብዛኛው በዶላር ከፍሎ ባሌና አርሲ የሚወጣ የውጭ ዜጋ ነው። ስኮትላንድ በሌላ በር ገባች ማለት ነው፤ ዳና የሚያውቀው የአገሬው ሰው መንገድ ያሳያል፣ ከፋዩ ይተኩሳል። ጠመንጃው በበኩሉ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለው። ሁለቱ ሕጎች በሁለት መሥሪያ ቤት፣ በሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ስለ እንስሳ፣ አንዱ ስለ ጸጥታ። ሁለቱንም በአንድ ቤት ይዞ የኖረውን ገበሬ አንድ ላይ ያየው ሕግ የለም።

ሕጉ እስኪደርስ ደግሞ የሚጠበቀው እያለቀ ነበር። ፈጅው ጠመንጃ ብቻ ነው ማለት ግን ውሸት ነው። ጠመንጃ ድኩላውን አንድ አንድ እያለ ወሰደ፤ ማረሻው መኝታውን ወሰደ። ሰው በዛ፤ ተዳፋቱ ታረሰ፤ የወንዝ ዳር ጥሻ ለማገዶና ለከሰል ሄደ፤ በጮቄ ላይ ገብሱ ዓመት በዓመት ወደ ላይ ወጣ። የጮቄ ቀይ ቀበሮ ጭራሽ ጠፍቷል፤ እሱን ደግሞ ለሥጋ ያደነው ማንም አልነበረም። ዳና መከተል የሚያውቀው ትውልድ የሚከተለው ዳና ሲያጣ ዕውቀቱን ለልጁ የሚያወርስበት ምክንያት አጣ። ጠመንጃውን ግን አወረሰ። ውጅግራው ወደ ምንሽር፣ ምንሽሩ ወደ ክላሽ ተቀየረ፤ ክላሽ ደግሞ ጥይት መቆጠብን የማያስተምር፣ ለድኩላ ተብሎ ያልተሠራ መሣሪያ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ምድር ስለሚሰማው ተኩስ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ አቋም አላችሁ፤ የእኔን እዚህ አልጨምርም። የምለው ይህን ነው፦ ጠመንጃውን ከነአደኑ፣ ከነጾሙ፣ ከነጥይቱ ዋጋ ያወቀ ሰው እና ጠመንጃውን ብቻ የወረሰ ሰው አንድ አይነት ታጣቂ አይደሉም። ስለ ትጥቅ የሚደራደር መንግሥትም ሆነ የሚታጠቅ ወጣት ይህን ልዩነት ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ድኩላ ጨርሶ አልጠፋም። በዓባይ ገደላገደል ውስጥ፣ ማረሻ በማይደርስበት፣ እና በየአድባራቱ ደን ዙሪያ አሁንም አለ። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ማንም አይተኩስም፤ ያን የከለከለ የመንግሥት አዋጅ አልነበረም። ቀይ ቀበሮን ማየት የፈለገ ግን ዓባይን ተሻግሮ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት መሄድ አለበት።