ስለ ተናገረ አፍና ስለ ወረወረ እጅ

ልጅ ሳለሁ ከብት ስንጠብቅ ከጎረቤት መንደር ልጆች ጋር በግጦሽ ምክንያት ተጣላን። እኔ ወንጭፍ አልነበረኝም፤ ጓደኛዬ ግን ነበረው። ድንጋዩን በወንጭፉ አስገብቶ ሲያመነታ ከኋላው ሆኜ «በለው! ምን ትጠብቃለህ?» አልሁት። ወረወረ፤ ድንጋዩም አንዱን ልጅ ዓይኑ ላይ አገኘውና የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። በማግስቱ ሽማግሎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ የጓደኛዬም አባት ካሣ እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸው አንዲት ላም ከነጥጃዋ ተነዳች። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። «ማን ወረወረ?» አሉ እንጂ «ማን ወርውር አለ?» ያለ አንድም ሽማግሌ አልነበረም። በዚያን ቀን አመለጥሁ ብዬ ተደሰትሁ፤ ነገሩ የከበደኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። ጥያቄው ከእኛ መንደር እጅግ የሰፋ በመሆኑ ነው። አንዱ በአፉ ለተናገረው፣ ሌላው በእጁ ለሠራው፣ ዕዳው እንዴት ይካፈላል? ታላላቅ መንግሥታት በዚህ ጥያቄ ተሰናክለዋል፤ ንጹሕ ሰው የሰቀሉበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ በመጽሐፍ ካገኘሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1886 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጀመሪያ በአሜሪካ አገር ብዙ ሺህ ሠራተኞች «በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አንሠራም» ብለው ሥራ አቆሙ። የነገሩ እምብርት የቺካጎ ከተማ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ማክኮርሚክ በተባለው የእርሻ መኪና ፋብሪካ በር ላይ ፖሊሶች ተኩሰው ሠራተኞች ገደሉ። በአቅራቢያው ንግግር ያደርግ የነበረው ኦገስት ስፒስ የተባለ የጀርመንኛ ጋዜጣ አዘጋጅ ይህን አይቶ ደሙ ስለ ፈላ፣ ወዲያው ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ ሠራተኞች መሣሪያ እንዲያነሡ የሚጠራ ወረቀት ጻፈ። በማግስቱ ማታ ሄይማርኬት በተባለው አደባባይ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባውን ከሚያስታውቁት በራሪ ወረቀቶች በአንዳንዶቹ ላይ «መሣሪያ ይዛችሁ ኑ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ስፒስ ግን ይህ ቃል ካልወጣ አልናገርም ብሎ አስወጣው። ሆኖም ጥቂት መቶ ወረቀቶች አስቀድመው ተበትነው ነበር። ያንን ቃል አንብቦ የመጣ ሰው ይኑር አይኑር ማን ሊያውቅ ይችላል? ከእጅ የወጣ ወረቀት እንደ ተፈተለከ ድንጋይ ነው።

ስብሰባው ግን ጸጥ ያለ ነበር። የከተማይቱ ከንቲባ ካርተር ሃሪሰን ራሱ መጥቶ ካዳመጠ በኋላ፣ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ለፖሊስ አዛዡ ነግሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ዝናብም ስለ መጣ ሕዝቡ መበተን ጀመረ። የመጨረሻው ተናጋሪ ሳሙኤል ፊልደን ንግግሩን ሊፈጽም ሲል ከ170 የሚበልጡ ፖሊሶች በሰልፍ ደርሰው «በሕግ ስም ተበተኑ!» አሉ። ፊልደንም «እኛ ሰላማውያን ነን» ብሎ መለሰ። በዚያች ቅጽበት ከጨለማው ውስጥ ቦምብ ተወረወረ። ፖሊሶቹም በደነገጡ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ተኮሱ፤ በጨለማው እርስ በርሳቸው የተመታቱም ነበሩ። በዚያ ምክንያት ሰባት ፖሊሶችና ቢያንስ አራት ሠራተኞች ሞቱ።

ቦምቡን የወረወረው ሰው እስከ ዛሬ ድረስ አልታወቀም። እንግዲህ በዳኞች ፊት የቀረበው እንግዳ ነገር ይህ ነው፤ እጅ ጠፍቶ አፍ ብቻ ተገኘ። ስምንት ሰዎች ተከሰሱ። ቦምቡ ሲወረወር ከስምንቱ በሥፍራው የነበሩት ስፒስና ፊልደን ብቻ ናቸው። ኤንግል የተባለው በቤቱ ተቀምጦ ካርታ ይጫወት ነበር። ኔቤ የተባለው ደግሞ ከተመሠከረበት ነገር አንዱ፣ በስፒስ ጋዜጣ ውስጥ የሁለት ዶላር አክሲዮን ያለው መሆኑ ነው! አልበርት ፓርሰንስ አስቀድሞ ሸሽቶ ስለ ነበር ማንም አላገኘውም፤ ነገር ግን ችሎቱ በተከፈተ ቀን በገዛ እግሩ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ። ኋላም ምሕረት ለምን ቢሉት እንቢ ብሎ ተሰቀለ።

እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አይገባኝም። እነዚህ ሰዎች መንግሥት የሚባል ነገር ሁሉ ይፍረስ የሚሉ አናርኪስቶች ነበሩ። ጋዜጦቻቸው ዲናሚትን የድኻ መድኃኒት አድርገው ያወድሱ ነበር፤ ሊንግ የተባለው ወጣትም በእጁ ቦምብ ይሠራ ነበር። ታሪካቸውን መጀመሪያ ሳነብ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ አደላሁ፤ ጽሑፋቸውን ካየሁ በኋላ ግን ልቤ አመነታ። በቃላቸው ሞትን አቅልለዋልና።

ነገር ግን ዳኛው ጆሴፍ ጌሪ ለፍርዱ ምክንያት አድርጎ የሰጠውን ተመልከቱ። እነዚህ ሰዎች በንግግርና በጽሑፍ ብዙ ሰዎችን ግደሉ ብለው መክረዋል፤ ያልታወቀውም ሰው ቦምቡን የወረወረው ይህን ምክር ተከትሎ ነው፤ ስለዚህ ገዳዮች ናቸው አለ። ወርዋሪው ካልታወቀ፣ ምክራቸውን መስማቱ በምን ታወቀ? ጋዜጣቸውን ያነብ ነበርን? ጀርመንኛስ ያውቅ ነበርን? ወይስ ባለፈው ቀን ወንድሙ በፋብሪካው በር ላይ የተገደለበት ሰው ነበር? ይህን የጠየቀ አልነበረም። በአፍና በእጅ መካከል ድልድይ መኖሩ ሳይመረመር ሰዎቹ ድልድዩን ተሻገሩ ተባለ።

ሰባቱ ሞት፣ ኔቤ ዐሥራ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ሊንግ በእስር ቤት ራሱን ገደለ። የፊልደንና የሽዋብ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ስፒስ፣ ፓርሰንስ፣ ፊሸርና ኤንግል ኅዳር 11 ቀን 1887 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ የኢሊኖይ አገረ ገዥ ጆን አልትጌልድ መዝገቡን አስወጥቶ መረመረና በሕይወት የቀሩትን ሦስቱን ፈታ። በምሕረት ብቻ መፍታት ይበቃው ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ያን ያህሉን ይታገሡት ነበር። እሱ ግን ፈራጆቹ እንዲፈርዱባቸው ታስበው የተመረጡ መሆናቸውን፣ ዳኛውም ማድላቱን፣ በተከሳሾቹና በወርዋሪው መካከል ግንኙነት አለመታየቱን በዝርዝር ጽፎ አሳተመ። ጋዜጦች ሰደቡት፤ በ1896 ዓ.ም. በተደረገውም ምርጫ ተሸነፈ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይህን ሰው አከብረዋለሁ።

አሜሪካ ከዚህ በሽታ ቶሎ አልዳነችም። በ1969 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የኩ ክሉክስ ክላን መሪ በሆነው በብራንደንበርግ ክርክር ላይ፣ ቃል የሚያስቀጣው ወዲያውኑ ወንጀል ለማስነሣት ታስቦ የተነገረና በእውነትም ሊያስነሣ የሚችል ሲሆን ነው ብሎ ወሰነ። ሄይማርኬት ከሆነ ከ83 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ አፍ ሁሉ ነጻ ይሁን ልንል ነውን? ወደ ጀርመን አገር እንለፍ። ዩልዩስ ሽትራይኸር የተባለ ሰው በ1923 ዓ.ም. «ዴር ሽቱርመር» የሚባል ጋዜጣ አቋቁሞ ሃያ ዓመት ያህል በአይሁድ ላይ ጥላቻ ዘራ። እሱ ራሱ በጥይት የገደለው ሰው አልተገኘም፤ ይገደሉ ብሎ ለወታደር ትእዛዝ የሰጠበትም ወረቀት የለም። ነገር ግን በኑረምበርግ የተሰበሰቡት ዳኞች አንድ ነገር መረመሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ በስዊስ አገር የሚታተም የአይሁድ ጋዜጣ በደንበኝነት እየደረሰው ያነብ ነበር። በዚያ ጋዜጣ በምሥራቅ አይሁድ እንደሚፈጁ ተጽፏል። እሱም አንብቦ፣ አውቆ፣ ብዕሩን አንሥቶ «ይጥፉ» እያለ መጻፉን ቀጠለ። ጥቅምት 16 ቀን 1946 ዓ.ም. ተሰቀለ።

በዚያው ችሎት ሃንስ ፍሪቸ የተባለው የራዲዮ ተናጋሪ ግን ተፈታ። የናዚ ድምፅ ነበረ፤ አይሁድንም በራዲዮ ዘልፏል። ዳኞቹ ግን ንግግሩ ሕዝቡን ለጦርነቱ ለማነሣሣት እንጂ አይሁድ እንዲፈጁ ለመቀስቀስ መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። ኋላ የጀርመኖች ፍርድ ቤት በሌላ ክስ አሰረው። ሁለቱም ክፉ ተናጋሪዎች ሲሆኑ አንዱ ከገመድ፣ አንዱ ከበር የደረሱበት ምክንያት የቃላቸው ክፋት ብቻ አልነበረም። ተናጋሪው ምን እያወቀ፣ ምን ፈልጎ፣ ለማን ተናገረ የሚለው ተመዘነ። በቺካጎ የጠፋው ይህ ሚዛን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት በ1948 ዓ.ም. የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት ሲያወጡ፣ በግልጽና በቀጥታ ሕዝብን ለዚህ ወንጀል መቀስቀስ ራሱን የቻለ ወንጀል ይሁን ተባለ። አሜሪካ ለጋዜጦች ነጻነት ሠግታ ይህ ቃል ይውጣ ብላ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ይስፋ አለች። ስምምነቱን ከመንግሥታት ሁሉ በፊት በ1949 ዓ.ም. ያጸደቀችው አገራችን ኢትዮጵያ ናት። በጣሊያን የመርዝ ጢስ የተቃጠለ ሕዝብ ይህን ፈጥኖ መፈረሙ አያስደንቅም።

ይህ ሕግ በብርቱ የተፈተነው በጎረቤታችን በአፍሪካ ምድር በሩዋንዳ ነው። በ1994 ዓ.ም. እልቂት ጊዜ አንድ የራዲዮ ጣቢያ የሰዎችን ስምና የተሸሸጉበትን ሥፍራ እየጠራ ይናገር ነበር። በአሩሻ የተቋቋመው ፍርድ ቤት ባለራዲዮዎቹን ሲፈርድ፣ ሲሞን ቢኪንዲ የተባለ ታዋቂ ዘፋኝም ቀረበ። ዘፈኖቹ ጥላቻን ያነሣሡ ነበር፤ ዳኞቹ ግን በዘፈኖቹ በቀጥታ ቀስቅሷል ለማለት ማስረጃው አልበቃንም አሉ። የተፈረደበት ድምፅ ማጉያ በተጫነበት መኪና በመንገድ ላይ ሲያልፍ ቱትሲዎች እንዲገደሉ ለተናገረው ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት እስራት። ያንን ፍርድ ሳነብ የገረመኝ ጥንቃቄው ነው። ይህን ያህል ሰው ካለቀ በኋላ ዘፈኑን ከንግግሩ ለይቶ መመዘን ቀላል አይደለም።

ታዲያ ቆንጮራ ያነሡት ሰዎች «ራዲዮ አሳሳተን» ቢሉ ይድናሉን? በሩዋንዳ ጋቻቻ የሚባሉ፣ እንደኛ የዋርካ ሥር ሸንጎ በሜዳ ላይ የሚቀመጡ 12 ሺህ ያህል ችሎቶች ተቋቁመው፣ ሥራቸው እስከ ተፈጸመበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ እያንዳንዱን እጅ በስሙ ጠየቁ። መጠየቃቸውም ተገቢ ነበር። ያ ስብከት አገር ምድሩን ሲሞላ፣ ዙራ ካሩሂምቢ የተባለች አሮጊት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን በቤቷ ሸሸገች። ገዳዮቹ ሲመጡ መንፈስ እንዳለባት አስመስላ፣ የእጅ አምባሯን እያንቀጫቀጨች፣ «ብትገቡ ቁጣው ይወርድባችኋል» ትላቸው ነበር። ጎረቤቶቿን ያነሣሣው ቃል እርሷን አላነሣሣትም።

ወደ ልጅነቴ ነገር ልመለስ። ያ የወረወረው ጓደኛዬ አሁን አርጅቷል፤ ስለ ዓይኑ ጉዳይ ሲነሣ አንድ ጊዜ እንኳ የእኔን ስም ጠርቶ አያውቅም፤ «እጄ ነው» ይላል። እኔ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያ መንደር ሄድሁና ዓይኑ የጠፋውን ሰው ከበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቡና ከጠጣን በኋላ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በዚያን ቀን ከወንጭፉ ኋላ የነበርሁት እኔ መሆኔን ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለ።

«ስትል ሰምቼህ ነበር» አለኝ። «ድንጋዩን አላየሁትም፤ ድምፅህን ግን ሰምቼው ነበር።»