የፊት መብራት ታሪክና የእኔ ነጭ አምፖል

ባለፈው ክረምት ሞተር ሳይክሌ ላይ አዲስ አምፖል አስገባሁ። የቀድሞው ቢጫማ ሃሎጂን ነበር፤ የገዛሁት ነጭ ኤል.ኢ.ዲ ነው። ማታ ማታ ሽሊሕ ሆኜ ምግብ ስለማደርስ፣ ዝናብ ሲጥል በክርያት ቢያሊክና በክርያት ሞጽኪን መካከል ያለው አስፋልት አይታየኝም ነበር። አምፖሉን ቀይሬ ስወጣ ሌሊቱ ቀን ሆነልኝ። ዋጋውም ብዙ አልነበረም፣ ለመቀየርም ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በጣም ደስ አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ፣ ሰፈራችን ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አንድ ሰው መንገድ መሀል ቆሞ አየሁ። እጁን ዓይኑ ላይ አድርጓል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። አባቴ ነበር፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ቤት እየሄደ ነው። "አንተ አየኸኝ፤ እኔ ግን መንገዱን አጣሁት" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

አባቴ ጨለማ የሚፈራ ሰው አይደለም። በ1984 የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን በእግሩ የሄደ ነው። ሽፍታና ወታደር እንዳያያቸው ሌሊት ሌሊት ይጓዙ ነበር፤ ኩራዝም ባትሪም ማብራት ክልክል ነው፤ ልጆቹ የፊተኛውን ሰው ነጠላ ይዘው ይሄዳሉ። ያን ሁሉ ሌሊት ያለ መብራት የተጓዘ ሰው ክርያት ቢያሊክ ውስጥ በመብራት ብዛት መንገድ ጠፋው። ነገሩ ከነከነኝና የፊት መብራት ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከእሳት ወደ ኤሌክትሪክ

በቤንዚን የሚሄደውን የመጀመሪያ ባለ ሁለት ጎማ ሞተር በ1885 የሠሩት ጀርመኖቹ ዳይምለርና ማይባክ ናቸው። በ1894 ደግሞ እዚያው ጀርመን ሞተር ሳይክል ለገበያ መሠራት ጀመረ። የዚያን ዘመን የፊት መብራት እሳት ነበር። መጀመሪያ እንደ ወላጆቻችን ፋኖስ በዘይት ወይም በላምባ የሚነድ ነው፤ ቀጥሎ የካርባይድ መብራት መጣ። ይህ መብራት ከላይ ውሃ፣ ከታች ካርባይድ የሚባል ድንጋይ መሰል ነገር ይይዛል። ውሃው ጠብ ጠብ ሲልበት አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ሲለኮስ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ነጂው ውሃ ሞልቶ፣ ክብሪት ጭሮ ነበር የሚነሳው። ሲመለስም ዝቃጩን ጠርጎ ማጠብ ነበረበት።

በ1913 ቦሽ የተባለው የጀርመን ድርጅት ዲናሞና የፊት መብራትን አንድ ላይ አድርጎ ለመኪና አቀረበ። ኤሌክትሪኩ ቀስ በቀስ ለሞተር ሳይክልም ደረሰ፤ ክብሪቱም ቀረ።

ሌላውን ሰው ማሰብ

መብራቱ ሲበረታ ግን አዲስ ችግር መጣ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ታወረ። በ1925 ኦስራም ቢሉክስ የሚባል ባለ ሁለት ክር አምፖል አወጣ። አንዱ ክር ለረጅም መብራት፣ ሌላው ለአጭር መብራት ነው። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች፤ ሥራዋ ብርሃኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሌላው ሰው ዓይን እንዳይወጣ መጋረድ ነው። በ1957 አውሮፓ ውስጥ አጭሩ መብራት እንደገና ተሻሻለ፤ ተቃራኒ መኪና በሚመጣበት በኩል ዝቅ፣ በመንገዱ ዳር በኩል ከፍ እንዲል ተደረገ። ፈረንሳይ ደግሞ ከ1936 ጀምሮ እስከ 1993 ድረስ የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን በሕግ ታዝ ነበር።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። የፊት መብራት ታሪክ ብርሃን የመጨመር ታሪክ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግማሹ ግን ብርሃንን የመያዝና የመጋረድ ታሪክ ነው።

ብርሃን አደጋ ሲሆን

ከተማችን ክርያት ቢያሊክ በ1934 ከጀርመን በመጡ ዖሊሞች ተመሠረተች፤ ስሟን ያገኘችው በዚያው ዓመት ካረፈው ገጣሚ ከሐይም ናሕማን ቢያሊክ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1940፣ የፋሽስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ሐይፋን ደበደቡ። ኢትዮጵያን በቦምብና በመርዝ ጋዝ የደበደበው ያው የጣሊያን አየር ኃይል ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በሜይ 1936 ወደ ስደት ሲሄዱ ከመርከብ የወረዱት እዚሁ ሐይፋ ወደብ ነበር።

በጦርነት ጊዜ ብርሃን ጠላትን ይጠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዙ አገር የመኪናና የሞተር መብራት ጭንብል ይደረግለት ነበር። እስራኤል ውስጥም በ1973 በዮም ኪፑር ጦርነት ሰዎች የመኪናቸውን የፊት መብራት ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ይነዱ ነበር። ሽማግሌ ጎረቤት ያላችሁ ጠይቁ፣ ያስታውሳሉ። የአባቴ የሱዳን መንገድም ያው ነው፤ የሚታይ ሰው የሚያዝበት ጊዜ ነበር።

ሃሎጂንና ኤል.ኢ.ዲ

የሃሎጂን አምፖል በአውሮፓ ለመኪና የቀረበው በ1962 ነው። በ1971 ዛሬም ብዙ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ባለ ሁለት ክር ኤች 4 መጣ፤ ለረጅሙ 60 ዋት፣ ለአጭሩ 55 ዋት ይወስዳል። የቢሉክስ ትንሽ ጽዋ እሱም ውስጥ አለች።

በዚያው በ1962 አሜሪካ ውስጥ ኒክ ሆሎንያክ ቀይ የሚበራ ኤል.ኢ.ዲ ሠራ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ደማቅ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ ያስፈልግ ነበርና ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። ይህን ያሳኩት ጃፓን የተወለዱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሰማያዊው ብርሃን በቢጫ ፎስፈር ሲያልፍ ለዓይናችን ነጭ ይሆናል። የእኔም አምፖል የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ኤል.ኢ.ዲ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከአምፖሉ ኋላ ያለው የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ሳህን የተለካው የሃሎጂኑ ክር ባለበት ቦታ ልክ ነው። የኤል.ኢ.ዲው ብርሃን ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ሲወጣ፣ ሳህኑ ወዴት እንደሚልከው አያውቅም፤ ከፊሉ ወደ ሰው ዓይን ይሄዳል። እኔ አምፖሉን ብቻ ቀየርኩ፤ የቀረውን ግማሽ ታሪክ ግን ጣልኩት። ዋቱ ከፍ ያለ ሃሎጂን ማስገባትም መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ ሶኬቱንና ሽቦውን ሊያቀልጥ ይችላል። በጀርመን ከ2020 ጀምሮ በሃሎጂን ቦታ የሚገባ ኤል.ኢ.ዲ መንገድ ላይ ተፈቅዷል፤ ግን አንድ በአንድ ለተፈተሹ የተሽከርካሪ ሞዴሎች ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

ማታ ለምትሠሩ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ የመብራቱን ሽፋን አጽዱ፤ የደበዘዘ ፕላስቲክ ብዙ ብርሃን ይበላል። ያረጀውን አምፖል በዚያው ዓይነት፣ ማረጋገጫ ባለው አዲስ ተኩ። ኤል.ኢ.ዲ ከፈለጋችሁ ሙሉ የፊት መብራቱን፣ ለሞተራችሁ የተፈቀደውን፣ ሙሳክ አስገቡ። ከዚያ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁና ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ አጭሩን መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ ከመብራቱ መሀል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። እኛ ሽሊሖች ደግሞ ኋላ ሣጥን ስለምንጭን የሞተሩ ፊት ይነሳል፣ መብራቱም አብሮ ይነሳል፤ ጭነቱን ይዛችሁ ለኩ።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ሞተር ሲይዙ ስለ ራስ ቁር ብቻ አትጠይቁ። አንድ ቀን ማታ ውጡና ፊት ለፊቱ ቁሙ፤ ዓይናችሁ ይነግራችኋል።

እኔ ሃሎጂን መለስኩ፤ አዲስ ነው፣ ሽፋኑም ታጥቧል። እንደ ነጩ ሩቅ አያሳየኝም፣ ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ቀስ ብዬ እነዳለሁ። በቀደም ማታ አባቴን ማቋረጫው ላይ አገኘሁት። ቆምኩለት፤ እሱም ሳይቆም ተሻገረ።