በጂስ ቤንድ የእራፊ ብርድ ልብስ አሰፋፍ

በአሜሪካ፥ በአላባማ ግዛት፥ የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን በከበበው ጂስ ቤንድ በተባለው መንደር የሚኖሩት ጥቁሮች አብዛኞቹ በዚያው ስፍራ ጥጥ ያለሙ የነበሩ ባሮች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ብርድ ልብስ ይሰፉ የነበረው ካረጀ የሥራ ልብስና ከዱቄት ከረጢት ነው። እራፊው በመጠንም በቀለምም ስለማይገጥም፥ ዐቅዱ ከጨርቁ ይወጣል እንጂ ጨርቁ ለዐቅዱ ተብሎ አይገዛም። «የቤት ጣራ» በሚባለው ስልት አንድ እራፊ በመካከል ይቀመጣል፤ ረዣዥም ቁራጮችም በአራቱ ጎን በየተራ እየተሰፉ ይከቡታል፤ አንዱ ጨርቅ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ስለዚህ የቀለሙ መለዋወጥ የችግር ምልክት ብቻ ሳይሆን የባለሙያዋ ምርጫ መታወቂያም ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ የሟች ባላቸውን የሥራ ልብስ ቀድደው ለመታሰቢያ የሚሆን ብርድ ልብስ ሰፉ። በዚህ ሥራ የእራፊው አደራደር የኀዘንም ሥርዐት ሆነ። በ2002 የመንደሩ ብርድ ልብሶች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ። ተመልካች በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን እንደ ሥዕል ቢያደንቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የታሰበው ልጆች በሌሊት ከብርድ እንዲድኑበት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።