ስለ ትምባሆ ክልከላና ትምባሆን ለመተው ስለሚደረግ እርዳታ

ትምባሆ በአገራችን ሲከለከል ያሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፥ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን በዘመኑ አገሩን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ጋያና ሱረት ግን ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላም ቆይተዋል። በ1930ዎቹ ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ፤ ከንፈር ያስቆርጥ የነበረው ነገር ለግምጃ ቤት ገቢ ያስገባ ጀመር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የጃፓን ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን አክሲዮን ገዛ።

ወጣቶች ቬፕ የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የቻይናው ፋርማሲስት ሆን ሊክ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የሠራው ነው። ቅጠል አይነድበትም፤ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ አሙቆ እንፋሎቱን ያስስባል። ቦሌ በአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ያደገ፥ የውጭ ዕቃ ቶሎ የሚደርስበት ሠፈር ስለ ሆነ ይህም ዕቃ እዚያ መታየቱ አያስገርምም። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ዓዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሽያጩን ከሺሻ ጋር ከለከለ፤ ትምባሆም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ አዘዘ። ክልከላው ተገቢ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ዓዋጁ የሚይዘው ሻጩን ነው፤ አስቀድሞ የለመደውን ልጅ ማን ይይዘዋል?

አብሮን የሚማር አንድ ወጣት ገርጂ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ቬፕ ጀመረ። ሽታው የከረሜላ ስለ ነበረ እናቱ አላወቁም። ሦስት ጊዜ ሊተው ሞክሮ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት፤ ሁልጊዜም በሦስተኛው ቀን። ለመምህር ቢናገር መባረርን፥ ለአባቱ ቢናገር ዱላን ፈራ። ራሱንም ወኔ ቢስ አድርጎ ቈጠረ። ሆኖም ኒኮቲን የለመደ አእምሮ ሲጐድልበት ቍጣ፥ እንቅልፍ ማጣትና ሐሳብ መበተን ይመጣል፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በርትቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ሦስተኛው ቀን የከፋ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። (እኛም አናውቅም ነበር።)

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት በ14ኛው አንቀጽ ሱሰኛው እንዲታከምና እንዲተው መርዳትን ይጠይቃል። ከዚያ ስምምነት ክልከላው በየግድግዳው ተለጥፏል፤ 14ኛውን አንቀጽ ግን ይህ ተማሪ በትምህርት ቤቱ አላገኘውም።

አራተኛውን ሙከራ የጀመረው ፈተና ባለቀ ማግሥት ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ሁለታችን ከእርሱ ጋር አመሸን፤ ካርታ ተጫወትን፥ ሻይ ጠጣን፥ ብዙም ተቈጣን።