ምክር ከሩቅ ሲመጣ

በአገራችን ልማድ ማንም ኀዘኑን ለብቻው እንዲሸከም አይተውም። ሞት በደረሰ ጊዜ መርዶ ነጋሪዎች ማልደው ይሄዳሉ፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛውም ከኀዘንተኛው ጋር ተቀምጦ ይሰነብታል። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደ ሆነ ሽማግሌ ይቀመጥላቸዋል፤ የኅሊና ሸክም የከበደውም ሰው ወደ ነፍስ አባቱ ይሄዳል። የነዚህ ሁሉ መሠረት ቅርብነት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» መባሉም ስለዚሁ ነው።

ዛሬ ግን የሥነ ልቦና አማካሪ በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ሆኖ፣ በኢንተርኔት አማካይነት ስለ ጭንቀት፣ ስለ ትዳርና ስለ ኀዘን ሰውን ያነጋግራል። ይህን የሚሰሙ ብዙዎች፣ አብሮ ያልተቀመጠ ሰው እንዴት ሊያጽናና ይችላል ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱንም ከታሪክ መፈለግ ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምክርን ከሩቅ መስጠት በኢንተርኔት የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1909 ዓ.ም. የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ፈረስ ይፈራ ስለ ነበረ አንድ የ5 ዓመት ሕፃን ጽፎ አሳተመ። ሕክምናውን ያካሄደው የልጁ አባት ሲሆን፣ ፍሮይድ በደብዳቤና በቃል ይመራው ነበረ፤ በዚያ ጊዜ ሕፃኑን ራሱን ያነጋገረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ፍሮይድ ለፍርሃቱ የሰጠውን ምክንያት የኋላ ሊቃውንት አጥብቀው ነቅፈውታል፤ ነገር ግን ምክር በወረቀት ሊጓዝ እንደሚችል ታይቷል።

ከደብዳቤ ቀጥሎ የመጣው ስልክ ነው። ቻድ ቫራ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ገና በወጣትነቱ ራሷን ያጠፋች የ14 ዓመት ልጃገረድ ቀብሮ ነበረ። ይህ ከልቡ ስላልወጣ፣ በ1953 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች የሚደውሉበት ስልክ አቆመ። ወደ እርሱ የሚመጡትን የሚቀበሉና ሻይ የሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ። ጥቂት እንደ ቆየ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ብዙዎቹ ከነዚህ ሰዎች ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እርሱን ማየት ሳያስፈልጋቸው መመለሳቸው ነው። ስለዚህ በሚከተለው ዓመት የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከበ።

የመደመጥ ፍላጎት ይህን ያህል የበረታ በመሆኑ አደጋም አለበት። በ1966 ዓ.ም. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ አሜሪካዊ መምህር፣ ሰው የጻፈለትን ቃል ገልብጦ በጥያቄ የሚመልስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርቶ አስተዋወቀ። መሣሪያው ምንም እንደማያስተውል የምታውቀው ጸሐፊው እንኳ፣ ከእርሱ ጋር ስትጻጻፍ መምህሩ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ዋይዘንባውም በነገሩ ደንግጦ፣ ለሰው ብቻ የሚገባውን ሥራ ለመሣሪያ አሳልፎ መስጠት እንደማይገባ በ1976 ዓ.ም. መጽሐፍ ጻፈ። ማሽን እንደ ሰው በሚያወራበት በዛሬው ዘመን ይህ ማስጠንቀቂያ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ርቀት ራሱ ነፍስ እንደሚያጠፋ የአፍሪካ ታሪክ ያስተምራል። በ2005 ዓ.ም. የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ይረዳት የነበረች ወጣት ራሷን አጠፋች። ወደ ሐኪሙ ያልመጣችው ለአውቶቡስ የሚከፈል ገንዘብ ስላጣች ነበረ። ቺባንዳም በሚከተለው ዓመት አያቶችን አሠልጥኖ፣ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ የተጨነቀውን ሁሉ እንዲያነጋግሩ አደረገ። አያቶቹ ሕመሙን የሚጠሩት በሾና ቋንቋ «አብዝቶ ማሰብ» ብለው ነው፤ እኛ ማብሰልሰል የምንለውን ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. የታተመው፣ 573 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች ጭንቀትና ድብርት ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ መቀነሱን ገልጿል።

በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ቅርብነት ራሱ አስፈሪ ሆነ። በአገራችን መሰብሰብ ተከለከለ፤ ለቅሶ መድረስም ጎረቤትን ለሕመም ማጋለጥ መሰለ። በዓረብ አገሮችና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም የወላጆቻቸውን ቀብር በስልክ ብቻ የተከታተሉበት ጊዜ ነበረ። በብዙ አገር አማካሪዎች ሥራቸውን ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት ያዛወሩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ግን ስልክም ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ በውጭ አገር የነበሩ ልጆች የወላጆቻቸውን ሞት ሳይሰሙ ቆዩ። በሽቦ የሚመጣ ማጽናኛ ሽቦው ሲቆረጥ አብሮ እንደሚቆረጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስረዳው ይህን ነው፤ ሰውን የሚያጽናናው የመቀመጫው መቀራረብ ብቻ ሳይሆን፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ በቀጠሮው የሚገኝና ሳይፈርድ የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅም ቢሆን ይጠቅማል፤ እንዲህ ያልሆነ ግን አጠገብ ቢቀመጥም አይጠቅምም።

ይህ ነገር መምህራንን በብርቱ ይመለከታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ወላጁን የቀበረ ተማሪ ኀዘኑን የሚገልጸው በቃል ሳይሆን በዝምታ፣ በመቅረትና በውጤት ማሽቆልቆል ነው፤ ይህንንም አስቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። ከዘመዶቹ ርቆ በገጠር የሚያስተምር መምህርም ራሱ የሚያዋየው ሰው ያጣ ይሆናል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ሹማምንት ከሩቅ አማካሪ ጋር ሲዋዋሉ አስቀድመው የሙያ ፈቃዱን ይመርምሩ፤ ተማሪውም ሆነ መምህሩ ማንም ሳይሰማው የሚነጋገርበት ክፍልና ሰዓት ያዘጋጁ። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲገኝ ግን ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ አጠገቡ ሰው ሳይለየው በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። የሩቁ አማካሪ የቅርቡን ጎረቤት ያግዛል እንጂ አይተካውም።