ለጓሮ ኩሬ ተስማሚ የሆነ የዓሣ ዝርያ አመራረጥ

በመኖሪያ ግቢው ዓሣ ለማርባት የሚፈልግ ዜጋ ዝርያ ከመምረጡ በፊት የኩሬውን ውኃ ሙቀት ማወቅ ይገባዋል። ከውኃው ጋር የማይስማማ ዝርያ በቂ መኖ ቢቀርብለትም በሚገባ አያድግም።

ቆሮሶ፦ ለቆላና ለሞቃታማ ወይና ደጋ አካባቢዎች ተመራጭ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውኃ በፍጥነት ያድጋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ዕድገቱ እጅግ ይዘገያል። ወንድና ሴት አብረው ሲረቡ በጥቂት ወራት ተባዝተው ኩሬውን ስለሚያጨናንቁት ዓሣዎቹ ደቃቃ ሆነው ይቀራሉ። በመሆኑም ወንድ ጫጩቶችን ብቻ ማስገባት ይመከራል።

አምባዛ፦ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል ኦክስጅን ባነሰው ውኃም ይኖራል። ትናንሽ ዓሣዎችን ስለሚመገብ የቆሮሶን ከመጠን ያለፈ መራባት ለመቀነስ ያገለግላል፤ ሆኖም ወደ ኩሬው ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት።

ካርፕ፦ ቅዝቃዜን ከቆሮሶ በተሻለ ስለሚቋቋም ለደጋ አካባቢ ይስማማል። መነሻው ከውጭ አገር በመሆኑ ወደ ወንዝና ሐይቅ እንዳያመልጥ የኩሬው የውኃ መውጫ በወንፊት ሊከለል ይገባል።

ከወንዝ የተጠመደ ጫጩት በሽታና ያልተፈለገ ዝርያ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከዓሣ ማባዣ ማዕከላት መረከብ ይመረጣል።

የምክር አገልግሎት የሚፈልጉ ዜጎች የኩሬውን ስፋትና ጥልቀት፣ የውኃውን ምንጭ እንዲሁም የጠዋትና የከሰዓት ሙቀቱን መዝግበው በየወረዳቸው ወደሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲቀርቡ እናሳስባለን።